ሦስተኛው ፎጣ

ጋሽ ኦይታ ዳልጮ በየማለዳው የሱቃቸውን የቆርቆሮ በር ከፍተው፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ አንዲት ነጭ ፎጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጨምቃሉ። በጥንቃቄ አጥፈው ጠርዙ የተሸራረፈ ሳህን ላይ ያስቀምጧታል። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አንድ ስቴኪኒ ያወጡና መሐሏ ላይ ቀጥ አድርገው ይሰኩባታል። ሳህኑ መስታወቱ ሥር ይቀመጣል። ፎጣዋ እዚያው ውላ እዚያው ትደርቃለች። ማታ ስቴኪኒውን ነቅለው፣ ፎጣዋን ኪሳቸው ከትተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በማግስቱም እንደዚያው።

አዲስ ደንበኛ ሳህኑን አይቶ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

"ሰው አዞታል" ይላሉ ጋሽ ኦይታ። ሌላ አይጨምሩም። የሲቀላ ሰፈር ሰው ግን ማን እንዳዘዘው ስለሚያውቅ አይጠይቅም፤ ዓይኑን ከሳህኑ አሽሽቶ ስለ ሙዝ ዋጋ ወይም ስለ ሙቀቱ ያወራል።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ጋሽ ኦይታ በጃንሆይ ጊዜ ከጨንቻ ደጋ ወርደው፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያይ አንድ ሆቴል ውስጥ የወጥ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አዞ ሊያዩ የሚመጡት ፈረንጆች ከጀልባ ሲመለሱ የሚያዙት አንድ ምግብ ነበር፤ ባለ ሦስት ዳቦ ሳንዱች። ከታች የተጠበሰ ዳቦ፣ በላዩ ዶሮ፣ መሐል ላይ ሌላ ዳቦ፣ በላዩ እንቁላልና ቲማቲም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስተኛው ዳቦ። ሲያዩት ቤት ነው የሚመስለው። እንዳይናድ አናቱ ላይ ስቴኪኒ ይሰካበታል። ጋሽ ኦይታ ይህን ሲገነቡ ዓመታት ኖሩ። አብዮቱ መጣ። አዞዎቹ ባሉበት አሉ፤ ሊያዩዋቸው የሚመጡት ግን ቀሩ። ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሳቸውም ወጡ። ሲወጡ የተሰጣቸው ሦስት ነጭ ፎጣዎችና አንድ ጠርዙ የተሸራረፈ ሳህን ነበር።

ቢላ መሳል ይችሉበታል፤ እጃቸውም ረጋ ያለ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ አንድ ወንበር ብቻ የምትችል የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው ፀጉር አስተካካይ ሆኑ። ሚስታቸው ዓለሚቱ ገና በወጣትነቷ ሞታ፣ አንድ ልጅ ትታላቸው ነበርና ሥራውን የጀመሩት ልጁን ገነነን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ነው። የመጀመሪያ ደንበኛቸው የጭነት መኪና ሹፌሩ ብዙነህ ነበር። ፊቱ በመንገድ አቧራ ተለብጦ መጥቶ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለ።

"ምን ልታዘዝ?" አሉት ጋሽ ኦይታ። የሆቴሉ ልማድ ከአፋቸው ገና አልወጣም ነበር።

"ምን አለ?" አለ ብዙነህ፤ የቀለደ መስሎት።

ጋሽ ኦይታ ትንሽ አሰቡና፣ ፎጣቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "ሳንዱች አለ። በእንቁላል ይሁን ያለ እንቁላል?" አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ በፈላ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይ ይጠቀለላል፤ የታችኛው ዳቦ። ጢሙ ሲርስ ይነሣና የሳሙናው አረፋ በብሩሽ ይለቀለቃል፤ ማዮኔዝ ይሉታል። በምላጭ አንድ ጊዜ ወደ ታች። ከዚያ ሁለተኛው ሙቅ ፎጣ፤ የመሐል ዳቦ። ቀጥሎ የእንቁላል ነጭ የተመታበት አረፋ፤ በዚህኛው ምላጩ ወደ ላይ ይሄዳል። ሎሚ ይጨመቅበታል። መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛው ፎጣ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ይጠቀለልና እንዳይወርድ ግንባሩ ላይ በስቴኪኒ ይያዛል። ሰውየው እንደዚያ ሆኖ፣ አፍንጫው ብቻ ወጥቶ፣ በሩን ለሚያልፍ ሁሉ እየታየ ይቀመጣል።

"ቲማቲሙስ የታለ?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

"አትነቃነቅ እንጂ" ይላሉ ጋሽ ኦይታ ምላጩን ቀበቶ ላይ እያፋጩ። "ከተነቃነቅክ ቲማቲሙ ራሱ ይመጣል።"

እንቁላል የፈለገ ከገበያ ገዝቶ ይዞ ነበር የሚመጣው። አንድ ቀን ብዙነህ ያመጣት እንቁላል የከረመች ሆና፣ ያውም ነጯ ፊቱ ላይ ከተለቀለቀ በኋላ ነው የታወቀው። ወደ ሶዶ ሲሄድ ረዳቱ ጋቢናውን ጥሎ ጭነቱ ላይ ተቀመጠ አሉ። ይህን ታሪክ ብዙነህ ራሱ እየተነሣ ያወራው ነበር፤ ሰውም እየሰማው እንዳልሰማ ሆኖ ደጋግሞ ይስቅለት ነበር። በዚያን ጊዜ ሳቅ እንደ ሳሙናው ነበር። በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ተይዞ በራሽን ነው የሚገኘው።

ገነነ በዚህች ሱቅ ውስጥ አደገ። ልጅ ሳለ በኩፍኝ ታሞ ግራ ጆሮው መስማት አቆመ። ሰው ሲያናግረው ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዞር አድርጎ ቀኝ ጆሮውን ያቀርባል፤ ለማያውቀው የሚያፍር ይመስላል። ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅና ልጆች ሲቆጠሩ፣ የሐኪም ቦርድ ፊት ቀርቦ "በጆሮው ምክንያት አይችልም" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ጋሽ ኦይታ ወረቀቱን ቤት ማስቀመጥ አላስተማመናቸውም። ሁልጊዜ ዓይናቸው ሥር እንዲሆን መስታወቱ ጠርዝ ላይ በስቴኪኒ ሰኩት። የሌላው ሰው ልጆች ጎረቤት ጣሪያ ሥርና ሙዝ እርሻ ውስጥ ሲያድሩ፣ የእሳቸው ልጅ በቀን ብርሃን ገበያ ይሄድ ነበር። በዚህ ደስ ሲላቸው ያፍሩ ነበር። የጎረቤታቸው የእትዬ ፀዳለ ልጅ ካሱ ከገነነ ጋር አንድ ክፍል ተምሮ፣ አሁን ከእናቱ አልጋ ሥር ነበር የሚያድረው።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ሱቋ ደንበኛ አልነበራትም። ገነነ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለና እግሩን አነባበረ።

"ዛሬ እኔም ላዝዝ" አለ።

"ምን?"

"ሳንዱች። ከነእንቁላሉ።"

"በየትኛው ጢምህ? ለዚህ አገጭ እንቁላል መስበር ግፍ ነው።"

"ኧረ አለ! ና እየው አባዬ። እዚህ ጋ አንድ አለ፣ እዚህ ጋ ደግሞ—"

ጋሽ ኦይታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አዩ። "እነዚህማ መንገድ ጠፍቷቸው ያረፉ እንግዶች ናቸው። ነገ ይሄዳሉ።"

ሁለቱም ሳቁ። ገነነ ሲስቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ በአንድ ጆሮ ስለሚሰማው ነው መሰል። ጋሽ ኦይታ እየሳቁ ውሃ ጣዱ። ሎሚ ግን አልነበረም።

"ሂድና ሎሚ ገዝተህ ና። ስትመለስ ወንበሯ ያንተ ናት።"

እሱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ካሱ እየሮጠ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ! አፈሳ ነው! በሁለቱም በኩል ዘግተውታል!"

ሱቋ የኋላ በር የላትም። ከወንበሯና ከመስታወቷ በቀር ሰው የሚሸሸግበት ነገር አልነበረባትም። ጋሽ ኦይታ ካሱን በትከሻው ይዘው ወንበሯ ላይ ገፉት። የታችኛውን ፎጣ ፊቱ ላይ ጠቀለሉ፤ በላዩ አረፋ፤ በላዩ ሁለተኛውን ፎጣ፤ በላዩ አረፋ፤ በላዩ ሦስተኛውን። ምንም ሳይላጭ፣ ሳንዱቹ በአንድ ትንፋሽ ተገነባ። ስቴኪኒዋን ሲሰኩ ተቻኩለው ግንባሩን ወጉት።

ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በሩ ላይ ቆመ። ላቀው ይባላል። የሰፈር ሰው አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ሠፈርተኛ በሠፈርተኛው እንዳይራራ ጠባቂ የሚያመጡት ከሌላ ቀበሌ ነበር።

"ይሄ ማነው?"

"ደንበኛ ነው፣ ጓድ።"

"ደንበኛ ስም የለውም?"

ጋሽ ኦይታ ሊያስቡበት ጊዜ አላገኙም። ዓይናቸው መስታወቱ ላይ አረፈ፤ አፋቸውም ዓይናቸውን ተከተለ።

"ልጄ ነው። ገነነ ኦይታ። ወረቀት አለው፤ ያውና።"

ላቀው ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። "ግራ ጆሮው አይሰማም ይላል" አለ። ከዚያ በወንበሯ በግራ በኩል ዞረና በፎጣው ላይ ጎንበስ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ "እሳት!" ብሎ ጮኸ።

ካሱ አልተነቃነቀም። ድፍረት አልነበረም፤ ፍርሃት አድርቆት ነው።

"እውነትም ደንቆሮ ነው!" ላቀው ሳቀ። ደስ የሚል፣ የልጅ ሳቅ ነበረው። "ይቺ እንጨት ደግሞ ምንድናት?"

"ሳንዱቹ እንዳይናድ ነው፣ ጓድ።"

"እንዳይናድ!" እየሳቀ ወጣ። "አንድ ቀን እኔንም ትሠራኛለህ።"

ቀጥሎ የሆነውን ያዩት መንገድ ዳር የዓባያ ዓሣ ሲጠብሱ የነበሩት እትዬ ፀዳለ ናቸው። ገነነ ሎሚውን ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቁ ሲመጣ ላቀው "ቁም!" አለው። የጮኸው ከግራው በኩል ነበር። ገነነ መንገዱን ቀጠለ። ላቀው የሚያመልጥ መስሎት ሮጦ በኮሌታው ያዘው።

"ገነነ ኦይታ ነኝ" አለ ልጁ፣ እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ዞር አድርጎ። "ወረቀቴ አባቴ ሱቅ መስታወት ላይ ነው።"

"ገነነ ኦይታን አሁን ሳንዱች ሆኖ ትቼው መጣሁ! አንተ ደግሞ ወረቀቱን የት አየኸው?"

ገነነ አፉን ከፍቶ ወደ ሱቁ አየ፤ ከዚያ ዘጋው። ያ አፍ ሲዘጋ ማየታቸውን እትዬ ፀዳለ እስኪሞቱ ድረስ አይረሱትም። ልጃቸው ወዴት እንደ ሮጠ አይተው ነበርና ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ገነነ ወደ መኪናው ሲጫን እሳቸው ወደ ሱቋ ሮጡ።

"ገነነን ወሰዱት! ኦይታ፣ ልጅህን ወሰዱት!"

ጋሽ ኦይታ ሽርጣቸውን እንደለበሱ፣ ብሩሽና ምላጭ በሽርጣቸው ኪስ እንዳለ ወጥተው ሮጡ። ካሱ መንገዱ ገና ስላልተከፈተ ከሦስቱ ፎጣዎች ሥር ቆየ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብዙነህ መኪናውን በር ላይ አስጠግቶ በሙዝ ጭነት ውስጥ ከተተውና ምዕራብ ዓባያ አጎቱ ቤት አደረሰው።

የተያዙት ልጆች የተከማቹት ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ነበር። ጋሽ ኦይታ በሩ ላይ ደርሰው አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ አዛዥ ምላጩን አየ። "ፀጉር ቆራጭ ነህ? ጥሩ፤ ግባ።" ልጆቹ ጭንቅላታቸው ሊላጭ ተሰልፈው ነበር። ጋሽ ኦይታ የሰው ልጆችን ጭንቅላት አንድ በአንድ ላጩ። ብዙዎቹን ስማቸውን ያውቃሉ። በመጨረሻ ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው ገነነ ነበር። ጭንቅላቱን ላጩት፤ ከዚያም ማንም ሳያዝዛቸው አገጩን በአረፋ ለቅልቀው እነዚያን ጥቂት እንግዶች አነሡለት። ልጁ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ሰጣቸው፤ በጥርሳቸው ገምጠው ጨመቁበት።

"ሦስተኛው ፎጣስ?" አለ ገነነ።

"ስትመጣ" አሉት።

ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ጋሽ ኦይታ የነገሩትም ይህን ብቻ ነው።

በማግስቱ መኪኖቹ ልጆቹን ጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ። ከዚያን ቀን በኋላ ሲቀላ ውስጥ ባለ ሦስት ዳቦ ሳንዱች የበላ ፊት የለም። ሁለት ፎጣ ብቻ ሆነ። ሦስተኛዋ ሳህኑ ላይ ናት።

"የወረቀቱ ነገርስ?" ሰው ይህን መጠየቁ አልቀረም። መስታወቱ ላይ እንደተሰካ ነበርና። ለምን ይዘውት አልሄዱም? ምንም ቢሆን ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ አዛዡ ቢያየው ማን ያውቃል?

"ረሳሁት" ይላሉ ጋሽ ኦይታ። "ደንግጬ፣ ረስቼው ሮጥኩ።"

"ይረሳል እንዴ?"

"ረሳሁት።"

ከተማው ይህን ይቅር አላለም። ፊት ለፊት የሚናገራቸው ባይኖርም፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው የወጡ ደንበኞች ውጭ ሲደርሱ "ምን ዓይነት አባት ነው! ብሩሹን አልረሳ!" ይላሉ። እትዬ ፀዳለ ይህን ሲሰሙ የዓሣ መጥበሻቸውን ትተው ይሳደቡ ነበር፤ በልባቸው ግን እሳቸውም ያንኑ ይሉ ነበር፤ እንዲህ በማለታቸውም ያለቅሱ ነበር። ካሱ ጊዜው ረገብ ሲል ከምዕራብ ዓባያ ተመለሰ። በየሳምንቱ ሎሚ ይዞ ሱቋ ይመጣል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ይጠርጋል፣ ምላጭ መሳልም ተማረ። ሁለቱ ስለዚያ ቀን አያወሩም። ካሱ በዚያች ወንበር ላይ ግን ዳግመኛ ተቀምጦ አያውቅም። ቆሞ ነው የሚላጨው።

ከሰሜን አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፤ ሰው ድምፁን ይቀንሰዋል። ጋሽ ኦይታ በየማለዳው ፎጣዋን ነክረው፣ ስቴኪኒዋን ሰክተው፣ ከዚያ የራሳቸውን ፊት ይላጫሉ። አንድም ቀን አላሳለፉም። ሳሙና ሲጠፋ በውሃ ብቻ፣ ምላጩ ሲደንዝ እየደማ ይላጫሉ። ጢም የሚያድገው ለሞተ ሰው ነው። የእሳቸው አገጭ ለስላሳ ሆኖ እስከታየ ድረስ በቤታቸው የሞተ የለም።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይዝለሉት፤ ምላጩ እኮ መጋዝ ሆኗል" አላቸው ካሱ አንድ ቀን ጉንጫቸው ላይ የወረደውን ደም አይቶ።

"ቲማቲም ነው" አሉት። ካሱ ሊስቅ ሞክሮ ወደ ውጭ ወጣ።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ሠራዊቱ ተበተነ። በሻሸመኔ በኩል ወታደሮች ከየመኪናው ላይ እየወረዱ፣ አንዳንዱም በእግሩ፣ ጫማ ሳይኖረው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ተንዠርግጎ መምጣት ጀመረ። አውቶቡስ ማቆሚያው በእነሱ ተሞላ። ሰው ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ ይፈራቸዋልም። ጋሽ ኦይታ በራቸው ላይ ቆመው፣ ፎጣቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ያለፈውን ሁሉ ይጠሩ ነበር።

"ና ልጄ፣ ግባ። ምን ልታዘዝ? ክፍያ የለውም።"

ካሱ ውሃ ያፈላል፤ እሳቸው ይላጫሉ። ሳሙናው እስኪያልቅ፣ እጃቸው እስኪዝል። ምላጩ እየወረደ ከዚያ ሁሉ ጢም ሥር ፊት ሲወጣ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ጉንጩ ይወጣል፤ አገጩ ይወጣል፤ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል። ፊቱን አጥበው፣ ትከሻውን መታ አድርገው ያሰናብቱትና ወደ በሩ ይመለሳሉ። ገና ከመግባቱ በልቡ "የእሳቸው አይደለም" ብሎ የሚለየው ካሱ ነበር፤ ቁመቱን ወይም እጁን አይቶ።

ሰኔ ሲገባ ደግፌ የሚባል ወታደር ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጣት የለውም። ጋሽ ኦይታ "በእንቁላል ይሁን ያለ እንቁላል?" ሲሉት ፎጣውን ከፊቱ ገፎ ቀና አለ።

"ምን አሉኝ?"

"ሳንዱቹን ነዋ።"

የደግፌ ዓይን ወደ ሳህኑ ሄደ፤ ስቴኪኒዋን አየ።

"በአንድ ጆሮ" አለ ቀስ ብሎ። "የበአንድ ጆሮ አባት ነዎት።"

ካሱ የያዘውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠው።

"እንደዚያ ነበር የምንጠራው" አለ ደግፌ። "ምሽግ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ሳይኖረን፣ ሦስት ቡትቶ ጨርቅ ይዞ ‘ምን ልታዘዝ’ ይለናል። በጭቃ ነው የሚለቀልቀን። ስንስቅ አዛዦች ይቆጡ ነበር። ‘አባቴ ጋ አንድ ፎጣ ይቀረኛል’ ይል ነበር ሁልጊዜ።"

"አሁንስ የት ነው?" አሉ ጋሽ ኦይታ። ምላጩ እጃቸው ላይ ነበር።

ደግፌ ሁለት ጣት የጎደለው እጁን አየ።

"አንድ ኮረብታ ላይ ነበርን። ተኩስ ሲመጣ ‘ተኛ!’ ብለን ጮኽንበት። ሁላችንም ጮኸናል፣ አባባ። ግን የነበርነው በግራው በኩል ነው።"

ከአውቶቡስ ማቆሚያው የረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ ሶዶ፣ ሶዶ፣ ሶዶ። ጋሽ ኦይታ ደግፌን መልሰው አስደገፉት። ጢሙን ላጩ፤ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ። ሎሚ ጨመቁበት። ከዚያ ወደ ሳህኑ ሄዱና ስቴኪኒዋን ነቀሉ። ፎጣዋ ደርቃ ነበር፤ እንደገና ነከሯት፣ ጨመቋት፣ አራገፏት። የደግፌን ፊት ሙሉ በሙሉ ሸፍነው ጠቀለሉና ግንባሩ ላይ ቀስ ብለው ሰኩ። ልጁ ከፎጣው ሥር ሲንሰቀሰቅ ስቴኪኒዋ ትነቃነቅ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ኦይታ አልተላጩም። ሱቃቸውን ግን ከፈቱ። በሦስተኛው ቀን አገጫቸው ላይ ነጭ ጠጉር ብቅ ብሎ ሲታይ፣ እትዬ ፀዳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ። ከዚያ ብዙነህ መጣ። ከዚያ ሲቀላ በሙሉ መጣ። ሱቋ ስለማትበቃ ለቅሶው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ነሐሴ ላይ ሳንባቸው ታመመ። አልጋ ላይ ሳሉ የጎረቤቱን ልጅ አስቴርን አስጠሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የመጣች፣ ሰው ፊት መናገር የምታፍር፣ ጽሑፍ ግን የምትችል ናት። ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እንድትጽፍ ነበር። ከጨንቻ ጀምረው ነገሯት፤ ሆቴሉን፣ ሳንዱቹን፣ የብዙነህን እንቁላል፣ ያን የገበያ ቀን። ሁሉንም ነገሯት፤ ከዚያ አንዱን ነገር፣ "ይቺን ግን ተያት፣ ልጄ" አሏት። "ካሱ ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማታል።"

እሳቸው ሲሞቱ የላጫቸው ካሱ ነው። ሦስቱን ፎጣ ተጠቀመ። ስቴኪኒዋንም ሰካ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይህን አይተው ሊቆጡ ነበር፤ እትዬ ፀዳለ ናቸው ዝም ያሰኟቸው። ቀብሩ ላይ የተነበበው ታሪክ አባት ደንግጠው ወረቀቱን እንደ ረሱ ይላል። አስቴር ቃሏን ጠበቀች።

ከቀብር ሲመለሱ ካሱ ከኋላዋ ደርሶ አብሯት ሄደ።

"አንድ ነገር ዘለልሽ" አላት።

አስቴር እርምጃዋን ቀነሰች።

"ያን ቀን እሳቸው ከሮጡ በኋላ ትንፋሽ አጥሮኝ ፎጣውን ገለጥ አደረግኩት" አለ ካሱ። "ከፊቴ መስታወቱ ነው። ወረቀቱ የለም። ስቴኪኒዋ ብቻ ናት ያለችው። ስመለስ ደግሞ ቦታው ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ‘ረሳሁት’ ሲሉ ስሰማ ዝም ያልኩት እንዳወቅኩ እንዳያውቁ ብዬ ነው።" ዓይኑን ጠረገ። "አንድ ቀን ጻፊው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ።"

እንግዲህ የተዘለለው ይህ ነው። ጋሽ ኦይታ ወረቀቱን አልረሱም። ከመስታወቱ ላይ መንጭቀው፣ በሽርጣቸው የደረት ኪስ ከትተው ነው የሮጡት። መጋዘኑ ውስጥ ያን ሁሉ ጭንቅላት ሲላጩ ወረቀቱ ደረታቸው ላይ ነበር። ላቀው በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ አይቷቸውም "የሳንዱቹ ሰውዬ! ልጅህስ ደህና ዋለ?" ብሎ ስቋል። ወረቀቱን ያወጡ እንደሆነ፣ ወንበሯ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ካሱ ደግሞ ያን ሰዓት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ገነነ ሣጥኑ ላይ ሲቀመጥ አባቱ አረፋውን እየለቀለቁ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ አሉና "ወረቀቱን ይዤዋለሁ፤ ላውጣው?" አሉት። ገነነ የወረቀቱን ጫፍ ከኪሳቸው ብቅ ብሎ አየው።

"ካሱስ?" አለ።

ገነነ መልስ አልጠበቀም። አረፋ በነካው ጣቱ የወረቀቱን ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ አባቱ ኪስ ውስጥ ገፋው፤ ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ ሰጣቸው።